የሟች ወላጅ ጡረታ በብልጫ ተከፍሏል ሲባል ዕዳው የማን ነው?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚመጣው ኀዘን ከገባበት ቤት ነው፤ ድንኳኑ ከተነሣ፣ ዕድርተኛው ከተበተነ ከወራት በኋላ። «ለሟች እገሌ በብልጫ የተከፈለ የጡረታ አበል ስለ ተገኘ ወራሾች ተመላሽ እንዲያደርጉ» ይላል። ማኅተም አለበት፣ ቁጥር አለበት። ያነበበው ሁሉ ይደነግጣል፤ ማንበብ የማይችለው ደግሞ ያነበበለት ሰው በደነገጠው ልክ ይደነግጣል።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ ደብዳቤ እጄ ገባ። በማታው የጎልማሶች ክፍል ከሚማሩት እናቶች አንዷ ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ወደ ኋላ ቀሩ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ወረቀት ፈትተው፣ «መምህር፣ ፊደሉን ለየሁት፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ጎረቤቶቼ ልጆችሽ ሊታሰሩ ነው ይሉኛል» አሉኝ። ባለቤታቸው ያረፉት በጥር ወር ነው። አበላቸው በወር 3,000 ብር ነበር፤ ለሒሳቡ እንዲያመቸን ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። ደብዳቤው 39,000 ብር ይጠይቃል። የበኩር ልጃቸው በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ነው፤ ወረቀቱን ካየ ወዲህ አራጣ አበዳሪ ሲያፈላልግ ሰንብቷል።

እውነቱን ልናገርና እኔም መጀመሪያ ሳነበው ከጎረቤቶቹ የተሻለ ነገር አልታየኝም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም እንጂ ስለ ውርስ ዕዳ አልተማርንም። ስለዚህ ወረቀቱን ይዤ የሕግ ዕውቀት ወዳለው ሰው ዘንድ ሄድኩ። እሱም ከሁሉ አስቀድሞ «ሰውየው የሞቱት መቼ ነው? ገንዘቡ የተከፈለውስ ከመቼ እስከ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የገንዘቡን ብዛት ነበር ያየሁት፤ እሱ ግን ቀኑን ነው ያየው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ እርሳስ አንሡና በአንድ ባዶ ወረቀት መካከል ከላይ ወደ ታች መስመር አስምሩ። በመስመሩ ራስ ላይ ወላጃችሁ ያረፉበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ ቀን በፊት የተከፈለውን በስተግራ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የተከፈለውን በስተቀኝ አድርጉት። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ድምር ሊጻፉ ይችላሉ። በሕግ ዐይን ግን ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው፤ የሚከፈሉበት ኪስም አንድ አይደለም።

የእኒያን እናት ደብዳቤ በዚህ መንገድ ስንከፍለው 39,000 ብሩ ሁለት ሆነ። 24,000 ብሩ አባትየው በሕይወት ሳሉ በወር 500 ብር እየበለጠ ለ48 ወራት ተከፍሏል የተባለ ነው። ቀሪው 15,000 ብር ደግሞ ከሞቱ በኋላ ከየካቲት እስከ ሰኔ ለአምስት ወራት ሳይቋረጥ ባንክ የገባው አበል ነው።

አስቀድመን የግራውን እንመልከት። ሰው በሕይወት እያለ እንዴት ብልጫ ይከፈለዋል? ጡረተኛው አጭበርብሮ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የአገልግሎት ዘመን ሲቆጠር ዓመት ተደርቦ ሊቆጠር ይችላል፤ የደመወዙ መካከለኛ ሲሰላ ስሕተት ሊገባ ይችላል፤ አበል የሚታሰብለት ልጅ ዕድሜው ካለፈ በኋላም ክፍያው ሳይቆም ሊቀር ይችላል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209 የተደነገገው በ1955 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ ቁጥር 1268 ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የአንድ ሰው ማኅደር ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ስሕተት ቢገባበት አይደንቅም።

ብልጫው በእርግጥ ከተከፈለ የአባት ዕዳ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሲሞት በሞቱ የማይቀሩት መብቶቹና ግዴታዎቹ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋሉ ይላል። ጎረቤት የሚሰማው ይህችን ብቻ ነው። «ግዴታው ለወራሽ ይተላለፋል» ሲባል የልጁ ደመወዝ፣ የልጁ በሬ፣ የልጁ ባጃጅ የሚወሰድ ይመስለዋል። ነገር ግን ሕጉ በዚህ አያበቃም። ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟች ንብረት ራሱን የቻለ፣ ከወራሾቹ ንብረት ያልተቀላቀለ ሀብት ሆኖ ይቆያል፤ የሟች ገንዘብ ጠያቂዎችም የሚከፈላቸው ከዚያ ላይ ነው። ውርሱ ከተከፋፈለ በኋላ ያልተከፈለ ገንዘብ ጠያቂ ቢመጣ እንኳ ወራሹ የሚጠየቀው ከውርሱ በደረሰው መጠን ነው። ምንም ያልደረሰው ልጅ ምንም አይከፍልም ማለት ነው። የአባት ዕዳ ልጅን ወንጀለኛም አያደርገውም፤ ወንጀል የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ የሠራው ሰው እንጂ ልጁ አይጠየቅበትም።

ከሟች ንብረት ላይ ሲከፈልም ተራ አለው። በአንቀጽ 1014 መሠረት ቅድሚያ የሚወጣው የቀብር ወጪ ነው። ከዚያ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው ወጪ ይከተላል። የሟች ዕዳ ሦስተኛ ነው፤ ጡረታውም የሚገባው ከዚህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቀብር ወጪ ማለት የሟቹን አኗኗር የሚመጥን የቀብር ወጪ ብቻ ነው፤ ተዝካር አይጨመርበትም። ለተዝካር በሬ ጥላችሁ «ከውርሱ ላይ ቀድሞ ይታሰብልን» ብትሉ ሕጉ አይሰማችሁም። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ አዛውንት ተማሪዬ «ታዲያ ነፍሱስ?» ብለው ተቆጥተውኛል። መልስ አልነበረኝም፤ ሕጉ ግን እንዲህ ይላል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ቤታቸው የቀበሌ ቤት ስለሆነ ከውርሱ አይገባም። ያለው አንዲት ላም፣ የቤት ዕቃና በባንክ የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብ ነው፤ በጠቅላላው 60,000 ብር ያወጣል። ልጅየው ይህን ሁሉ የአባቱ ውርስ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በትዳር ውስጥ አብረው ያፈሩት ንብረት የሁለቱ ነው፤ ግማሹ የእናትየው ነው፤ እሳቸው አልሞቱም፣ ድርሻቸውም ውርስ አይደለም። ስለዚህ የአባት ውርስ 30,000 ብር ብቻ ነው። ለቀብሩ 12,000 ወጥቷል፤ ለወራሽነት ማስረጃና ለልዩ ልዩ ጉዳይ 2,000 ወጥቷል። ቀሪው 16,000 ብር ነው። 24,000 ብር ዕዳ ቢረጋገጥ እንኳ መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ውርስ የሚያገኘው 16,000 ብር ነው። የጎደለውን 8,000 ብር ልጁ ወራሽ ስለሆነ ብቻ ከቀን ሥራው አያሟላም።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ዕዳው ለቤተሰቡ ኑሮ የዋለ ነው ተብሎ ክርክር ከተነሣ የጋራ ዕዳ ነው ሊባልና እናትየውም ሊጠየቁ ይችላሉ፤ የቤተሰብ ሕጉ ለትዳር ጥቅም የገባ ዕዳን ከሌላው ለይቶ ያየዋል። እዚያ ከተደረሰ ጉዳዩ የጠበቃ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ ቀኝ እንሻገር። የጡረታ አበል ለሰውየው በሕይወት እስካለ የሚከፈል ነው። ከሞቱ በኋላ የገባው ገንዘብ የአባት ገንዘብ ሆኖ አያውቅም። የአባት ካልሆነ ደግሞ ውርስም አይሆንም፣ የአባት ዕዳም አይሆንም። ታዲያ የማን ዕዳ ነው? ያወጣው ሰው ዕዳ ነው። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ አግባብ ስለ መበልጸግ በሚናገርበት ክፍል የማይገባውን ክፍያ የተቀበለ ሰው ይመልስ ይላል። እዚህ ላይ «ከውርሱ በደረሰኝ መጠን» የሚለው መከላከያ አይሠራም፤ የተነካው ውርስ አይደለምና።

ድሮ ጡረተኛው ደብተሩን ይዞ መስኮት ፊት ቆሞ ነበር አበሉን የሚቀበል፤ ሰውየው ከቀረ ከፋዩ ይጠይቃል። ዛሬ በአብዛኛው በባንክ ሒሳብ ስለሚገባ ፊቱን የሚያይ የለም። ካርዱ ኪስ ውስጥ አለ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ልጁ ያውቀዋል፣ ገንዘቡም በየወሩ ይመጣል። አንዳንዱ ልጅ «ውክልና አለኝ» ይላል። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት ያልቃል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ቢኖርም ኀይል የለውም። ሌላው «ለቀብሩ ነው ያዋልነው» ይላል። ለቀብር ያወጣ ሰው ወጪውን ከሟች ውርስ ላይ ቀድሞ መውሰድ ይችላል፤ ከጡረታው ላይ ግን አይደለም። አውቆ፣ ሞቱን ደብቆ፣ ሟቹ በሕይወት እንዳለ አስመስሎ የሚቀበል ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ መመለስ አልፎ ወደ ማታለል ወንጀል ሊሄድበት ይችላል። የጎረቤት ወሬ እውነት የሚነካው እዚህች ላይ ብቻ ነው።

በእኛው ጉዳይ ልጁ በአባቱ ካርድ ያወጣው የሁለት ወር፣ ማለት 6,000 ብር ነው። ለእናቱ አስቤዛ ነው ያዋለው፤ ሊሰርቅ አስቦ አልነበረም። የሦስቱ ወር 9,000 ብር ሳይነካ ሒሳቡ ውስጥ ተቀምጧል። ያልተነካ ገንዘብ ከማንም ኪስ አይወጣም፤ ወደ መጣበት መመለስ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ አራጣ አበዳሪ ሲያስፈልግ የነበረው የ39,000 ብር ጉዳይ ከልጁ ኪስ ሊወጣ የሚገባው 6,000 ብር ብቻ ሆነ።

ልጁን «ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ብናገር ለእናቴም ይቀርባታል ብዬ ነው» አለኝ። ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ቤት አለ፤ መሠረት ግን የለውም። ጡረተኛ ሲሞት የራሱ አበል ይቆማል፤ ሚስት ወይም ባል ግን የሟቹን አበል ግማሽ፣ 50 በመቶውን፣ የማግኘት መብት አላቸው፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም ለእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ይታሰብላቸዋል። እኒያ እናት ወዲያው ቢያመለክቱ ኖሮ በወር 1,500 ብር የራሳቸው፣ ማንም የማይመልሱለት ገንዘብ ነበራቸው። ልጃቸው የማይገባውን 3,000 ሲጠብቅ የሚገባቸው 1,500 ዘገየ።

ይህ የተተኪዎች አበል ሌላም ጥቅም አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 መሠረት በሞቱ ምክንያት ለሚስት ወይም ለዘመድ የሚሰጥ ጡረታ ከውርስ አይቆጠርም። እንግዲህ «የሟች ዕዳ ስላለ ከእናትየው አበል እንቆርጣለን» ቢባል በየትኛው የሕግ አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረን በሉ። በቃል የተነገረ ነገር ነገ ይካዳል።

ሞትን ማስታወቅ እንዴት ነው? በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ስታወጡ ቀበሌው ለጡረታ መሥሪያ ቤት ይነግርልናል ብላችሁ አትቀመጡ። ወረቀቱን ራሳችሁ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱና ወደ ባንኩ አድርሱ፤ ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስደርጉ። ካርዱን አትንኩት። ዕድሩ የቀብር ሥራ ሲከፋፍል ይህንንም ለአንድ ማንበብ ለሚችል ልጅ ቢሰጥ መልካም ነበር።

ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው ያላነበቡትን መፈረም ነው። ቢሮ ስትሄዱ «እዚህች ላይ ፈርሙና ሂዱ» ትባሉ ይሆናል። ወረቀቱ «እኔ ዕዳውን ለመክፈል ተስማምቻለሁ» የሚል ከሆነ እስካሁን የአባት የነበረውን ዕዳ በገዛ እጃችሁ የራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። የጣት አሻራም እንደ ፊርማ ነው። «ቤት ወስጄ ላስነብበው» ማለት ነውር የለውም። ደብዳቤ መቀበላችሁን መፈረም ሌላ፣ ዕዳ ማመን ሌላ ነው፤ ስትፈርሙ «ደብዳቤውን ተቀብያለሁ» ብላችሁ ከፊርማው አጠገብ ጻፉበት። ሁለት ቃል ብትሆን ነው፤ በዚህ ክረምት ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሊጽፋት ይችላል።

ብልጫ ተከፍሏል የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ደብዳቤ የፍርድ ውሳኔ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ጠይቁ። ማመልከቻው ረዥም መሆን የለበትም። ለእኒያ እናት አብረን የጻፍነው እንዲህ ይላል፦

«በቁጥር እገሌ፣ በቀን እገሌ የተጻፈው ደብዳቤ ደርሶኛል። ባለቤቴ ያረፉት በጥር ወር ነው፤ የሞት ምስክር ወረቀቱን አያይዣለሁ። በብልጫ ተከፈለ የተባለው ገንዘብ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደ ተከፈለ፣ በየወሩ ስንት እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፣ ከሞታቸው በፊት ያለውና በኋላ ያለው ተለይቶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ዝርዝሩ እስኪደርሰኝ ድረስ ዕዳውን አላመንኩም።»

ከዚሁ ጎን የሟቹን ንብረት ዝርዝር ጻፉ፦ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚያወጣ፣ ለቀብር ምን እንደ ወጣ፤ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይፈርምበት። ሟቹ በኑዛዜ ሌላ ሰው ካልሾሙ ውርሱን የማጣራት ሥራ በሕግ የወራሾቹ የራሳቸው ነው። ንብረቱን ያለ ዝርዝር ተከፋፍላችሁ ከራሳችሁ ጋር ከቀላቀላችሁት በኋላ «ከውርሱ የደረሰኝ ይህን ያህል ብቻ ነው» ብትሉ በምን ታስረዳላችሁ? ውርሱ ዕዳ ብቻ መሆኑ ከታያችሁ ውርሱን አልቀበልም ማለትም ይቻላል፤ ጊዜው ግን አጭር ስለሆነና ንብረቱን እንደ ባለቤት የተጠቀመ ሰው እንደ ተቀበለ ሊቆጠር ስለሚችል ላሟን ከመሸጣችሁ በፊት ጠይቁ። በጣም የቆየ ክፍያ ከተጠየቃችሁ ደግሞ ይርጋ የሚባል ነገር አለ፤ የጥያቄው ዘመን አልፎበታል ማለት ነው። ዳኛው በራሱ አያነሣላችሁም፤ ፍርድ ቤት ከቀረባችሁ ገና በመጀመሪያው መልሳችሁ ራሳችሁ ማንሣት አለባችሁ።

የእኒያ እናት ዝርዝር ከሁለት ወር በኋላ መጣ። 48 ወር የተባለው 38 ወር ሆኖ ተገኘ፤ ዕዳውም ከ24,000 ወደ 19,000 ብር ወረደ። ከውርሱ ላይ 16,000 ተከፈለ፤ ላሟ ተሽጣለች፣ እሷን ማዳን አልተቻለም። ሒሳቡ ውስጥ የነበረው 9,000 ተመለሰ። ልጁ ያወጣውን 6,000 በወር 500 እየከፈለ በአንድ ዓመት ሊጨርስ ተስማማ። የጎደለውን 3,000 ብር መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ ምን እንደምንመልስ በማኅደራችን ተጽፎ ተቀምጧል። እናትየው ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ደረሰኝ ክፍል ይዘው መጡ። እንዳነብላቸው መስሎኝ እጄን ስዘረጋ «ቆይ መምህር» ብለው ራሳቸው ከቀኑ ጀምረው አነበቡት።